ደጊቱ ላቀውን ቆርጣ የጣለች ጊዜ

ደጊቱ አሥራ ስድስት ዓመት በጽሕፈት መኪና ስትሠራ በጣቶቿ አፍራ አታውቅም። ወገዳ ከተማ ውስጥ ማመልከቻ ያስጻፈ፣ ቃለ ጉባኤ ያስገለበጠ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ያስተየበ ሁሉ ያውቃታል። ቀና ብላ ከባለጉዳዩ ጋር እያወራች ትጽፋለች፤ ወረቀቱ ሲወጣ አንድ ፊደል አይጎድለውም። ስሕተት ቢገኝ እንኳ «አንተ ያልኸውን ነው የጻፍሁት» ብላ ረቂቁን ከፊቱ ትዘረጋለታለች፤ ሰውየውም አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ይህ ሁሉ ክብር በአንድ ጠዋት ተናደ። ደጊቱ ጸሐፊ ሆና የምትሠራበት «ለምለም ምድር» የተባለው የልማት ማኅበር ከለጋሾች አንድ ኮምፒውተር፣ እጅ ውስጥ የምትገባ አንዲት የድምፅ መቅጃና ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተሰጠው። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አበባው ከኮሌጅ ከወጣ ብዙ ያልቆየ፣ ተቀምጦ መነጋገር የማይችል ወጣት ነበር። በሩ ላይ እንደ ቆመ ነገራት።

«ወይዘሮ ደጊቱ፣ ከእንግዲህ በገበያ ቀን ዝግጅት እናሰማለን። ስለ እርከን፣ ስለ ክትር፣ ስለ አፈር። ገበሬው ከገበሬ አፍ ይስማ።»

«ደግ ነው። ማን ነው የሚያዘጋጀው?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ እኮ።»

«ያው ነው። እዚያም ቁልፍ መጫን ነው፣ እዚህም ቁልፍ መጫን ነው» አለና ሄደ።

የሚያሠለጥናት ፍሥሐ የሚባል ልጅ ከደብረ ታቦር ለሁለት ቀን መጣ። የመጀመሪያውን ቀን መብራት ጠፋ። ፍሥሐ ግን ቀኑ እንዳይባክን ብሎ የኮምፒውተሩን መልክ ትልቅ ወረቀት ላይ ሣለላት። «ይህች ባለ ሦስት ማዕዘን ማጫወቻ ናት። ባለ አራት ማዕዘኗ ማቆሚያ። ቀዩ ክብ መቅጃ። ይህች መቀስ መቁረጫ ናት» እያለ በእስክሪብቶ እየጠቆመ ቀኑን ሙሉ አስተማራት። ደጊቱም ወረቀቱን በጣቷ እየተጫነች «አሁን ተጫወተ፣ አሁን ቆመ» ስትል ዋለች። የማኅበሩ ዘበኛ በመስኮት አይቷት ሲስቅ ደሟ ፈላ፤ ነገር ግን ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች?

በሁለተኛው ቀን መብራቱ ከምሳ በኋላ መጣ። ፍሥሐ ማውሱን አንዴ ከጨበጠ አልለቀቀውም። «የሚቆርጡትን እንዲህ ጎትተው ቀለም ያስይዙታል፣ ከዚያ መቀሷን፣ ከዚያ ጠጋ ለማድረግ አጉሊውን፤ እንዲህ፣ እንዲህ። ገባዎት?» ይላል፤ እሷ ገና የመጀመሪያውን «እንዲህ» እየጻፈች ነው።

«እስኪ ልቀቅልኝና እኔ ልያዘው» አለችው በመጨረሻ።

«ቆይ፣ ይህችን ብቻ ላሳይዎት።»

ያቺን ብቻ ሲያሳያት የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ቦርሳውን እየሸከፈ ትልቁን ምሥጢር ነገራት። «ቢሳሳቱ አይጨነቁ፤ ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ሲጫኑ ያጠፉት ይመለሳል።»

ደጊቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በጽሕፈት መኪና አንዲት ፊደል ስትሳሳት ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ እፍ ብሎ አድርቆ፣ ሮለሩን መልሶ ነው። «ሁሉም ይመለሳል?» አለችው።

«ሁሉም ይመለሳል። ደግሞ ዋናውን ፋይል እንዳይነኩት፣ በሌላ ስም ያስቀምጡ» ብሎ እየሮጠ ወጣ። ደጊቱ ደብተሯ ላይ «በሌላ ስም» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሰኞ ዕለት ብቻዋን ቁጭ አለች። ፍሥሐ የተወላትን የሙከራ ድምፅ ከፈተች፤ ድምፁ በሰማያዊ መስመር ተሥሎ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ ወጣ፤ ባለ ሦስት ማዕዘኗን ስትጫን አንዲት ቀጭን መስመር በላዩ ላይ ትሄድ ጀመር። ትሄዳለች፤ ድምፅ ግን የለም። ገመዱን ነቀለች፣ ሰካች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ጠዋቱ እንዲሁ አለቀ።

በዚያ ዘመን ወገዳ ላይ የስልክ ኔትወርክ እንደ ልብ አልነበረም። የሚገኘው ከማኅበሩ ግቢ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ያሉበት ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው። ደጊቱ ነጠላዋን አጣፍታ ጉብታውን ወጣችና ፍሥሐ ዘንድ ደወለች።

«ከታች በስተቀኝ የድምፅ ምልክት አለ፤ ላዩ ላይ ቀይ ነገር አለበት?» አላት።

«እኔ ጉብታው ላይ ነኝ፤ ኮምፒውተሩ ታች ነው።»

«እንግዲያው ይሂዱና ይዩልኝ።»

ወረደች። ቀይ ነገር አለበት። እያለከለከች ተመልሳ ወጣች። «አለበት!»

«እሱን አንዴ ይጫኑት።»

«ታዲያ ቀድሞውኑ ‹ካለበት ይጫኑት› አትለኝም ነበር?»

ወርዳ ተጫነችው። የሙከራው ድምፅ ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ፤ ዘበኛው ዱላውን ይዞ እየሮጠ ገባ።

የዚያን ሳምንት መከራዋን ደጊቱ ለሰው ስትናገር ራሷን እየነቀነቀች ነው። አንድ ቀን ምን እንደ ነካች ሳታውቅ የሰዎቹ ድምፅ ሁሉ እንደ ጫጩት ሆነ፤ የሚያቀጥን የሚያወፍር ማንሸራተቻ እንዳለ ያገኘችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሌላ ቀን ስለ ችግኝ አጠባበቅ የተጻፈ ስድስት ገጽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንብባ ስትጨርስ፣ የተቀዳው በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነበር፤ ማይኩን ኮምፒውተሩ ላይ አልሰካችውም ነበር። አጉሊውን ስትጫን ደግሞ ሦስት ቃል ኮምፒውተሩን ይሞላውና ከየት ተነሥታ የት እንደ ደረሰች ይጠፋታል። «ይህ ነገር የተሠራው ሰው ለማናደድ ነው» ትላለች ለራሷ። አበባው ደግሞ በየሰዓቱ ራሱን በበር ብቅ ያደርግና «ደረሰ?» ይላል። «ደረሰ?» ከሚላት ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ያም ሆኖ በአንድ ወር ውስጥ አራት ነገር አወቀች፤ ቀለም ማስያዝ፣ መቁረጥ፣ መልሶ መስማት፣ ኮንትሮል ዜድ። ሳል ከመሰማቱ በፊት በመልኩ መለየት ጀመረች፤ ሳል እንደ ካስማ ብቻውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዝምታ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው።

ኅዳር ላይ አበባው ሥራ ሰጣት። ከወገዳ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀው የሚኖሩ አያ ጓዴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ማሳቸውን ሊውጥ የደረሰ ቦረቦር በድንጋይ ክትር አስቁመው በሣር ያለበሱ ናቸው። «እሳቸውን ቅጂና ሦስት ደቂቃ አድርገሽ አምጪልኝ» አላት፤ ሲቸኩል አንቱታውን ይረሳዋል። «ከሦስት ደቂቃ በላይ ገበያተኛ አይቆምም።»

ደጊቱ መቅጃዋን ይዛ በእግሯ ሄደች። አያ ጓዴ ከቦረቦሩ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋት ተናገሩ፤ አነጋገራቸው ግን አነጋገር አይደለም። አንድ ነገር ይላሉ፤ ከዚያ ቦረቦሩን ያያሉ፤ ዝም። ደጊቱ ጨርሰው ይሆን እያለች ጣቷን ወደ ማቆሚያው ስታስጠጋ እንደገና ይጀምራሉ።

«መጀመሪያ ተራምጄው የማልፍ ቦይ ነበር» አሉ። «በየክረምቱ ሰፋ። የገብስ ማሳዬን ግማሽ በላ። አንድ ነሐሴ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረና ጠዋት ብወጣ በሬዬ ገብቶበት እግሩ ተሰብሯል።» ዝም። «እዚያው አረድሁት። ከዚያ ቀን ጀምሬ ድንጋይ መደርደር ያዝሁ። ብቻዬን ነበርሁ።» እዚህ ላይ የነበረው ዝምታ ረጅም ነበር፤ ወፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ጮኸችበት። «ኋላ ላቀው መጣ። ጎረቤቴ ነው። ሰባት ዓመት አብሮኝ ድንጋይ ተሸከመ። እሱ ባይኖር ትቼው ነበር።»

ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀድታ ተመለሰችና ወደ ኮምፒውተሩ አስገባችው።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ሦስት ደቂቃ ይሁን ማለት በሬ ቅርጫት ውስጥ ይግባ እንደ ማለት ነው። ደጊቱ ሳሉን ቆረጠች። ወፏን ቆረጠች። «እንዲያው»ውን ሁሉ ቆረጠች። አሁንም አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ከዚያ ወደ ዝምታዎቹ ዞረች። ዝምታ ለመቁረጥ ይቀላል፤ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ከሩቅ ይታያል፤ ጎትቶ ቀለም ማስያዝ፣ መቀሷን መጫን ነው። ጎትቶ መቁረጥ፣ ጎትቶ መቁረጥ። ሠላሳኛው ይሁን አርባኛው ዝምታ ላይ ማውሱ በጠረጴዛው ልብስ ላይ አንሸራተታትና ቀለሙ ከዝምታው አልፎ ሄደ፤ እሷም ሳታስተውል ቆረጠችው። መልሳ ስትሰማው መጋጠሚያው ሰም የመሰለ ነው። «ብቻዬን ነበርሁ። አሁን ሣሩ ከእኔ ከብት አልፎ ይተርፋል።» እሰይ፣ አለች። የቀረውን ከጫፍ ከጫፉ እየገመሰች ሦስት ደቂቃ ላይ አደረሰችው።

አበባው በሩ ላይ ብቅ አለ። «ደረሰ?»

«ደረሰ!» ብላ ማስቀመጫውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ ጨቅጫቃ መስሏት «አዎ»ውን መታችውና ዘጋችው። አበባው ለማግሥቱ ስብሰባ መቅጃዋን ስለ ፈለጋት ውስጧ ያለውን ሁሉ አጥፍታ ሰጠችው።

በገበያው ቀን የአያ ጓዴ ድምፅ ከማኅበሩ ጣሪያ ላይ በወገዳ ገበያ ላይ ናኘ። ገብስ የሚሰፍሩት እጃቸውን ገታ አደረጉ። አህያ የሚጭን አንድ ሰውዬ «ይህ ጓዴ አይደለም እንዴ? እንዴት ፈጥኖ መናገር ለመደ?» ሲል ደጊቱ ሰምታ ሣቀች። ደጃፉ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚህ ሥራ ሁሉ ደስ ብሏት ያለፈች አንዲት ሰዓት ብትኖር ያቺ ነበረች።

በሳምንቱ አያ ጓዴ መጡ። ተቀመጡ ብትላቸው አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እኔ ምን አድርጌሻለሁ?»

«ምነው አያ ጓዴ፣ ምን ሆኑ?»

«ከላቀው ጋር አጣላሽኝ። ያን ዕለት ላቀው ገበያ ነበር። ‹ብቻዬን ነበርሁ› ስል ሰምቷል። አገር ሰምቷል። ሰባት ዓመት ጫንቃው እስኪላጥ ድንጋይ የተሸከመ ሰው፣ ስሙ የለም። አሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ሌላ ይዞራል። ስለ እሱ አልተናገርሁም? ንገሪኛ!»

«ተናግረዋል» አለች ደጊቱ። «በደንብ ተናግረዋል። ቆይ አንዴ።»

ፋይሉን ከፈተችው። ሦስት ደቂቃ። ኮንትሮል ዜድን ተጫነች። ምንም። ደግማ ተጫነች። አሥር ጊዜ ተጫነች። አያ ጓዴ በትራቸውን ተደግፈው ጣቷን ያያሉ። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ሃያ ሁለት ደቂቃው የትም የለም። «መጣሁ» ብላቸው ጉብታውን እየሮጠች ወጣች።

«አንዴ ከዘጉት በኋላ ኮንትሮል ዜድ አይሠራም እኮ» አላት ፍሥሐ በስልክ። «በሌላ ስም አላስቀመጡትም?»

«‹ሁሉም ይመለሳል› ብለኸኝ ነበር! በዚህ ጆሮዬ ሰምቼሃለሁ!»

«ሳይዘጉት ነዋ፣ ወይዘሮ ደጊቱ። በሌላ ስም ያስቀምጡ ብዬ ነበር። ደብተርዎን ይዩት።»

ወርዳ ደብተሯን አየችው። «በሌላ ስም» ይላል፤ በገዛ እጅ ጽሕፈቷ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር። አሥራ ስድስት ዓመት «አንተ ያልኸውን ነው የጻፍሁት» ስትል የኖረች ሴት ራሷ የጻፈችውን አላነበበችም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «የኔ ጥፋት ነው» አለቻቸው አያ ጓዴን። «ላቀውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ብለዋል፤ እኔ ቆርጬዋለሁ።»

«እንግዲያው መልሺው።»

«አይመለስም።»

«እንግዲያው ለእሱ ንገሪው» አሉና ወጡ።

በማግሥቱ ደጊቱ ያንኑ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄደች። ላቀው አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ስድሳን የተጠጉ ሰው ናቸው። ክምራቸው አጠገብ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«አንቺ ጓዴን ለማዳን ነው የመጣሽው» አሏት።

«አይደለም። እግዜር ያውቃል፣ ቆርጬው ነው።»

«ሰው የተናገረው ቃል ምን ቅጠል ነው የሚቆረጠው? ‹ብቻዬን ነበርሁ› ያለው በገዛ ድምፁ ነው። ጆሮዬ እኮ ጤነኛ ነው።»

ደጊቱ መቀሷን፣ ቀለም ማስያዙን፣ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ያንሸራተታትን ማውስ ለላቀው በምን ቃል ታስረዳ? «በገበያው ቀን ቢሮ ይምጡ» አለች መጨረሻ ላይ። «በዓይንዎ አሳይዎታለሁ። ካላመኑኝ ያን ጊዜ ይተዉት።»

መጡ። አያ ጓዴም መጡ። ሁለቱ ሽማግሎች የክፍሉን ግራና ቀኝ ይዘው፣ አንዱ መስኮቱን አንዱ ግድግዳውን እያየ ተቀመጡ። ደጊቱ ማይኩን ሰካች፤ መሰካቱንም ሦስት ጊዜ አየች።

«ላቀው፣ የፈለጉትን ይበሉ።»

ላቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉና መስኮቱን እንዳዩ ተናገሩ። «ጓዴ ብቻውን ሠራ የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው።»

ደጊቱ አጉሊውን ተጫነች። ከ«ሠራ» በኋላ ያለውን ቀለም አስያዘች። መቀሷን ተጫነች። ከዚያ ባለ ሦስት ማዕዘኗን።

«ጓዴ ብቻውን ሠራ» አለ የላቀው ድምፅ።

ላቀው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እኔ እንዲህ አላልሁም!»

«አላሉም።»

«አፌን ሰርቀሻል! መልሺ! አሁኑኑ መልሺ!»

ኮንትሮልን ይዛ ዜድን ተጫነች፤ እንደገና አጫወተችው። «ጓዴ ብቻውን ሠራ የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው» አለ። ላቀው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እስኪ ድገሚው» አሉ። ቆረጠችው፤ መለሰችው። «እስኪ ደግመሽ።» ቆረጠችው፤ መለሰችው። አራተኛውን ሲጠይቁ አያ ጓዴ ከወዲያ ጥግ «ይበቃል፣ ልጅቱን አታድክማት» አሉ።

ላቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩዋቸው። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«በገዛ ድምፄ ነው እኮ።»

«የኔም በገዛ ድምፄ ነበር» አሉ አያ ጓዴ።

ከዚያ በላይ የይቅርታ ቃል አልተነጋገሩም። ላቀው ወንበራቸውን ወደ አያ ጓዴ ጎትተው አስጠጉና «በይ እንግዲህ ቅጂን» አሉ።

የደጊቱ ፍዳ እንደገና የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ ይናገራሉ። አያ ጓዴ ሲዘገዩ ላቀው ይቀድሟቸዋል፤ ላቀው ሲቸኩሉ አያ ጓዴ «አይደለም፣ በሬው የሞተው ከዚያ በፊት ነው» ብለው ያርማሉ። ቀድታ ስትጨርስ አልሄዱም። ስትቆርጥ እናያለን ብለው ከግራና ከቀኟ ተቀመጡ።

«እዚህ ላይ ያለውን ሳሉን አውጪለት» ይላሉ ላቀው።

«ሳሌን ተይልኝ፤ ያንተን እንትፍታ ታውጣ» ይላሉ አያ ጓዴ።

«ይህ ጠፍጣፋው ምንድን ነው?»

«ዝምታዎ ነው፣ አያ ጓዴ። ይቆረጣል።»

«እንዴት ይቆረጣል? በሬው እኮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።»

ደጊቱ ዝምታውን መልሳ ሰማችው። «አረድሁት» ካሉ በኋላ አያ ጓዴ አንድ ትንፋሽ ይስባሉ፤ ትንፋሹ በደንብ ይሰማል። አልቆረጠችውም።

መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ። በመጀመሪያው ጊዜ የሠራችው ግማሹ ጠፋና ደጊቱ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደገፈች። በሁለተኛው ጊዜ ግን ምንም አልጠፋም፤ በየአምስት ደቂቃው በሌላ ስም ታስቀምጥ ነበር። ፋይሎቹ ካልተቆረጠው «ጓዴ አንድ» ጀምሮ «ጓዴ ሁለት» እያሉ «ጓዴ አሥራ ሰባት» ደረሱ። ላቀው ይህን ሲሰሙ «ለምን ላቀው አሥራ ሰባት አይባልም?» አሉ። አሥራ ስምንተኛውን «ላቀው» አለችው።

ዝግጅቱ ሰባት ደቂቃ ከግማሽ ሆነ። አበባው ሰዓቱን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ሦስት ደቂቃ ብዬ ነበር።»

«ብለሃል።»

«ገበያተኛ አይቆምም።»

«አይቁም። ከዚህ አንዲት ቃል ብትወጣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ይጣላሉ፤ የማስታርቃቸውም እኔ ነኝ። መቁረጥ ከፈለግህ ያው መቀሷ፣ አንተው ቁረጠው» ብላ ከወንበሯ ተነሣችለት። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ማለቷ ነበር። አበባው ማውሱን አየው፤ ሰማያዊውን የማበጠሪያ ጥርስ አየው፤ «ይሁን እስኪ ለዛሬ» ብሎ ወጣ።

በገበያው ቀን ሰባቱ ደቂቃ ተሰማ። ብዙው ሰው በመካከሉ ወደ ጉዳዩ ሄደ፤ አበባው እውነቱን ነበር። ነገር ግን ከላቀው ሰፈር የመጡት አልተንቀሳቀሱም፤ ላቀውም በመካከላቸው ቆመው የገዛ ድምፃቸው «ቀጠነ» እያሉ ያማርሩ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ደጊቱ ቢሮዋን ስትከፍት ደጃፉ ላይ አምስት ሰው ተቀምጧል። አንዱ የድንጋይ መፈንቀያውን ያዋሰ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ክረምት ሣር ተክለዋል። አራተኛው ምን እንዳደረገ በደንብ አልገባትም፤ እሱም የገባው አይመስልም፤ ስሙ ግን እንዲጠራ ይፈልጋል። ደጊቱ ቁልፉን እንደ ያዘች ቆመችና «ኧረ በሥላሴ! ይህ ቦረቦር ስንት ሰው ነው የሞላው?» አለች።

አምስተኛዋ ሽማግሌ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን በወገባቸው ታጥቀዋል፤ በእግራቸው መጥተዋል። «ውባለም እባላለሁ» አሉ፤ «የጓዴ ባለቤት ነኝ።»

«ይግቡ እናቴ። አያ ጓዴ ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆነ። ትናንት በማጉያው ሰማሁት። ላቀው ተሸከመ፣ ጓዴ ደረደረ፤ መልካም። ድንጋዩን ከወንዙ ማን አወጣው? በሬው ከሞተ በኋላ እርሻው ጾሙን እንዳያድር በውሰት ጥማድ ያሳረሰው ማን ነው? አሥራ አንድ ዓመት! ሁለቱ ሽማግሎች ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሲያወሩ ‹ውባለም› የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ወይስ አንቺ ነሽ የቆረጥሽኝ?»

ደጊቱ ልትመልስ ከመጀመሯ በፊት «ጓዴ አንድ»ን ከፈተች፤ ሳይቆረጥ፣ እንዳለ፣ ሙሉው። ቁጭ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙት። ውባለም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው አዳመጡ። የለችም። ሳሉ አለ፣ እንትፍታው አለ፣ በሬው በስሙ ተጠርቷል፤ ውባለም የለችም።

«እኔ አይደለሁም» አለች ደጊቱ።

«አይቻለሁ» አሉ ውባለም፤ ፊታቸው ላይ ቁጣውም ሣቁም አንድ ላይ መጣ። «የበሬውን ስም አልረሳም!»

ደጊቱ ለቀሩት አራቱ ቆዩ ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። አዲስ ፋይል ከፈተች፤ ማይኩን ሰካች፤ ገና አንድ ቃል ሳይቀዳበት «ውባለም» ብላ ስም ሰጠችው። ቀዩን ክብ ተጫነች።

«ይናገሩ እናቴ» አለች። «ቢዘገዩም ግድ የለም።»

«እኔ አልዘገይም» አሉ ውባለም፤ ወደ ማይኩ ጠጋ ብለው በድንጋዩ ጀመሩ።